ወንድሜ የሰጠኝ ቱርቦ ለመኪናዬ በዛበት

ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ከፋብሪካው ቱርቦ (በጭስ ጋዝ ጉልበት እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚጨምቅ ዕቃ) ይዞ የወጣ ባለ 2.0 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን መኪና አለኝ። ታላቅ ወንድሜ መካኒክ ነው፤ መኪና መውደድንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ሞተሩን አብረን ፈታነውና ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ ጠንካራ) ፒስተንና ቢየላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ የሚያያይዘው ክንድ) አስገባንለት። አሁን በደቂቃ እስከ 7,200 ዙር ይሄዳል። ቀጥለን ትልቅ ኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ) ጨመርን።

የድሮው ቱርቦ ዘንጉ መላላት ስለጀመረ መቀየር አለበት። ወንድሜ ለልደቴ ብሎ ጋሬት ጂቲ3582አር፣ የተርባይን ቤቱ (በጭሱ ጋዝ የሚዞረው ምላጭ የሚቀመጥበት) የስፋት መለኪያ፣ ኤ/አር፣ 0.82 የሆነ፣ ከነካርቶኑ ገዝቶ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። በኋላ ግን ያንኑ ሞተርና ያንኑ ቱርቦ ያለውን የጓደኛውን መኪና ነዳሁ። እስከ 4,500 ዙር ምንም የለም፤ ከዚያ በአንዴ ይመጣል፤ ማርሽ ስቀይር ደግሞ እንደገና ጥበቃ ነው። እኔ የምፈልገው እግሬን ሳስነካ የሚመልስልኝ መኪና ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ እሄድበታለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ እወጣበታለሁ፣ በዓመት ሦስት አራት ቀን በተከለለ የእሽቅድምድም ሜዳ እነዳዋለሁ። 350 የፈረስ ጉልበት ይበቃኛል። ወንድሜ ግን «ዛሬ 350 ትላለህ፣ ነገ 500 ትፈልጋለህ» ይላል። እምቢ ብለው ቅር ይለዋል፣ እሺ ብለው መኪናዬን እጠላዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርኩለሩ ከገባ ወዲህ የድሮው ቱርቦ ራሱ ከቀድሞው 600 ዙር ያህል ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ዘንጉ ስለላላ ይሆን? ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባው ታናሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

ነገሩ የከበደህ ስጦታው ገንዘብ ስለወጣበት ብቻ አይመስለኝም። ሙያውን ያሳየህ ሰው «ይኼ ይሻልሃል» ሲልህ «የለም፣ አይሻለኝም» ማለት ከዕቃው ዋጋ በላይ ይከብዳል። ወንድምህን ማክበርህና መኪናህን እንደምትወደው አድርገህ መፈለግህ ግን የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። የወንድምህ ነገር የሚቀለው የቱርቦው ነገር ሲጠራ ስለሆነ ከቱርቦው እንነሳ፤ እንዲያውም በመጨረሻ ከጠየቅኸው።

ዘንግ መላላት ብቻውን ቱርቦን 600 ዙር አያዘገይም። የኮምፕሬሰሩ (አየሩን የሚጨምቀው የቱርቦው ጎን) ምላጭ ቤቱን ካልፋቀ፣ መኪናውም ሰማያዊ ጭስ ካላጨሰ፣ ሌላ ቦታ መፈለግ አለብህ። ለውጡ የመጣው ኢንተርኩለሩ ከገባ በኋላ ነው ብለሃል፤ እንግዲያው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አዲሱ መገጣጠሚያ ነው። ቱርቦው የጨመቀው አየር በመንገድ ላይ ካመለጠ፣ ያንኑ ግፊት ለመድረስ የበለጠ መጭመቅ አለበት፤ ለዚያ የበለጠ የተቃጠለ ጋዝ ይፈልጋል፤ ጋዙ ደግሞ የሚበዛው ዙሩ ሲጨምር ነው። አንተ መሪውን ይዘህ «ዘገየ» የምትለው ይህንን ነው።

ምርመራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሞተሩ በቀዘቀዘበት የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ከቱርቦው አፍ አውልቅና በቦታው የጎማ ቫልቭ የተገጠመለት ክዳን አጥብቀህ እሰር። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈተው፤ አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ከገባ የዘይት መከላከያዎቹን እንዳይገፋ። ከዚያ በመቆጣጠሪያ በኩል ቀስ እያልክ እስከ 1 ባር አየር ስጥ። ክዳኑ ሊወረወር ስለሚችል ፊት ለፊቱ አትቁም። የሳሙና ውሃ በየመገጣጠሚያው ርጭ። አረፋው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዓይን በማያየው በኩል፣ ከታችኛው የኢንተርኩለር ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ሥር ነው፤ እጅህን አስገብተህ ዳብሰው፣ በመስታወትም እየው። የብረት ቱቦው ጫፍ ዙሪያውን ያበጠ ከንፈር ከሌለው ማኒኮቶው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ግፊት ሲመጣ ይንሸራተታል። መፍትሔው ማሰሪያ መደረብ አይደለም፤ ለቱቦው ከንፈር ማውጣት ነው። ፉጨቱ ከማርሚታው የሚመጣ ከሆነ የአንዱ ሲሊንደር የማስገቢያና የማስወጫ ቫልቮች ባንድ ጊዜ ተከፍተው ነውና ሞተሩን በእጅ ጥቂት አዙረህ ድገመው።

በዚህ ካልተገኘ ወደ ሞቃቱ ጎን እለፍ። በማኒፎልዱና (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ በሚያመጣው) በቱርቦው መጋጠሚያ ላይ እንደ ጥላሸት የጠቆረ መስመር ካየህ ጓርኒሲዮኑ ያስተነፍሳል፤ ከተርባይኑ በፊት ያመለጠ ጋዝ ዘንጉን አያዞርም። የዌስትጌቱንም (ትርፉን ጋዝ ከተርባይኑ አሳልፎ ግፊቱን የሚወስነው በር) ክንድ በእጅህ ሞክረው። ኢንተርኩለሩ ሲገባ የክንዱ ርዝመት ተነካክቶ ከላላ፣ በሩ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀርና ጋዙ ተርባይኑን ሳይነካ ወደ ማርሚታ ያልፋል። ይህ ሁሉ ሳይጣራ አዲስ ቱርቦ ብታስገባ መዘግየቱ አብሮህ ይሄዳል፤ ጥፋቱም በማይገባው ዕቃ፣ ወይም በወንድምህ፣ ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ምርጫው። በጓደኛው መኪና ውስጥ የተሰሙህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። «እስከ 4,500 ዙር ምንም የለም» ያልከው የመነሻ ዙር ነው። ከዚያ በታች ጋዙ ተርባይኑን የሚያዞር ጉልበት የለውም፤ የፈለግኸውን ያህል ብትጠብቅ አይመጣም። ማርሽ ከቀየርክ በኋላ የጠበቅኸው ደግሞ ጋዙ በቂ ሆኖ ሳለ ምላጮቹ እስኪፈጥኑ የሚያልፈው ጊዜ ነው። እስቲ ራስህን ጠይቅ፤ ይበልጥ ያናደደህ የትኛው ነው? በተራራ መንገድ ከጠባብ መታጠፊያ ስትወጣ በ3,000 ዙር ምንም ማጣቱ ነው ወይስ በማርሽ መካከል ያለው ክፍተት? የመጀመሪያው በአብዛኛው የተርባይኑና የቤቱ መጠን ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ግን በምላጮቹ ክብደትና ስፋት ላይም ይመሠረታል።

ክብደቱን ችላ አትበለው። ቅርጹ ተመሳሳይ ሆኖ መጠኑ ብቻ ሲያድግ፣ ምላጩን ለማፍጠን የሚያስቸግረው ግዝፈት በስፋቱ አምስተኛ ርቢ ያድጋል። ምላጩን 10 በመቶ ስታሰፋው ችግሩ 60 በመቶ ያህል ይጨምራል። ወንድምህ የሰጠህ ቱርቦ የተርባይን ምላጩ 68 ሚሊሜትር ነው። እንደ ጋሬት ጂ25-550 ያለው 54 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ሒሳብ የትልቁ ግዝፈት የትንሹን ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ማርሽ ስትቀይር የጠበቅኸው ይኼንን ነው።

ሞተርህ ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ እንይ። የቤንዚን ሞተር 350 የፈረስ ጉልበት እንዲሰጥ በደቂቃ 16 ኪሎግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ያንተ ባለ 2.0 ሊትር ሞተር በ7,000 ዙር፣ ሲሊንደሮቹ 95 በመቶ እየሞሉ፣ ከኢንተርኩለሩ የሚወጣው አየር 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ፣ በ1.2 ባር ግፊት የሚውጠው ልክ ይህንኑ ነው። ሌላ ምንም አያስፈልግህም። ጂቲ3582አር ግን ከ400 የፈረስ ጉልበት ጀምሮ ወደ ላይ ለሚፈልጉ የተሠራ ነው። በ3,500 ዙር ሞተርህ የሚወስደው 8 ኪሎግራም ብቻ ነውና፣ ነጥቡን በኮምፕሬሰሩ ካርታ (የአየሩን መጠንና ግፊት በሚያሳየው ሥዕል) ላይ ብታስቀምጠው አየሩ ወደኋላ መመታት ከሚጀምርበት ከግራው መስመር፣ ሰርጅ ከሚሉት ጋር ተጣብቆ ታገኘዋለህ። ቱርቦው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግሩም ቱርቦ ነው፤ የተሠራው ለሌላ ሞተር ነው።

«ቤቱን በ0.63 ቀይረን እናስገባው» የሚል ሐሳብ ይመጣ ይሆናል። ኤ/አር ማለት ጋዙ የሚያልፍበት መተላለፊያ ስፋት ከዘንጉ ካለው ርቀት ጋር ሲነጻጸር ነው። ሲያንስ ጋዙ ፈጥኖ ምላጩን ይመታል፣ ቱርቦውም ቀድሞ ይነሳል፤ በላይኛው ዙር ግን ጋዙ መውጫ አጥቶ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በዚህ መንገድ መነሻውን ጥቂት መቶ ዙር ማውረድ ይቻላል። ምላጩ ግን ያው 68 ሚሊሜትር ነው፤ በማርሽ መካከል ያለው ጥበቃ አይለቅህም። ለሰላም ሲባል የሚደረግ ግማሽ መንገድ ነውና አልመክርህም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የማያቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ጂ25-550 ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ምላጭ መግቢያው 48፣ መውጫው 60 ሚሊሜትር ነው። የተርባይን ቤቱ በ0.49፣ በ0.72 እና በ0.92 ይገኛል። 0.49ኙ ከታች በጣም ደስ ይላል፤ አንተ ግን ሜዳ ላይ እስከ 7,200 ዙር ስለምትወጣ ይታነቅብሃል፤ 0.72ቱን ውሰድ። ሁለተኛው ቦርግዋርነር ኢኤፍአር 6258 ነው። የተርባይን ምላጩ ከቲታኒየምና ከአሉሚኒየም ውህድ የተሠራ ስለሆነ ክብደቱ በተለመደው የኒኬል ውህድ ከሚሠራው ግማሽ ገደማ ነው፤ ለማርሽ ቅያሪው የሚጠቅምህም ይህ ነው። በአንጻሩ ያ ምላጭ ከውጭ በሚገባ ስባሪ በቀላሉ ይጎዳልና ማኒፎልዱ ውስጥ የብየዳ ቅሪት እንዳይኖር መጠንቀቅ አለብህ። በደህና ማኒፎልድ ሁለቱም 3,500 ዙር አካባቢ ሙሉ ግፊት ይሰጣሉ ብለህ ብትጠብቅ አልተጋነነም። ከእነሱ የሚያንሰው ጂቲ2860አርኤስ የበለጠ ፈጣን ነው፤ ግን 350 ለእሱ ጫፉ ነው። ጫፍ ላይ የሚሠራ ቱርቦ አየሩን ያግላል፣ የጋለ አየር ደግሞ ሞተሩን ወደ መንኳኳት (ነዳጁ ያለጊዜው ወደ መቀጣጠል) ይገፋዋል።

ተራራ እወጣለሁ ማለትህ ለዚህ ምርጫ ከምታስበው በላይ ቁም ነገር አለው። በባሕር ጠለል 1.2 ባር ለመስጠት ኮምፕሬሰሩ አየሩን 2.2 ጊዜ ማባዛት ይበቃዋል። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 0.8 ባር ስለሚወርድ ያንኑ 1.2 ለመስጠት 2.5 ጊዜ ማባዛት አለበት፤ ዘንጉም ይበልጥ መፍጠን አለበት። ስለዚህ ትንሽ ትርፍ ያለው ቱርቦ ያስፈልግሃል። ትንሽ ማለቴን ልብ በልልኝ።

ማኒፎልዱ በሁለት ጎን ለይቶ የሚያመጣውን ጋዝ ሳይቀላቅል ስለሚቀበለው ባለ ሁለት መተላለፊያ የተርባይን ቤት የሚነግርህ ሰው አይጠፋም። 1ኛና 4ኛ ሲሊንደር በአንድ በኩል፣ 2ኛና 3ኛ በሌላ በኩል ሲገቡ የአንዱ ምት ሌላውን አያደናቅፍምና ቱርቦው ቀድሞ ይነሳል። እውነት ነው። ግን ማኒፎልዱም ዌስትጌቱም እስከ መጨረሻው ተለያይተው መሠራት አለባቸው። አዲስ ማኒፎልድ የማታሠራ ከሆነ ይቅርብህ፤ የተከፈለ ቤት ባልተከፈለ ማኒፎልድ ላይ ትርፉ ኪሳራ ነው።

የምትጨነቅበት ነገር ካስፈለገህ በዚህ ተጨነቅ፤ ቶሎ የሚነሳ ቱርቦ ጉልበቱን የሚያመጣው ዙሩ ዝቅ ባለበት ነው፣ ቢየላ የሚያጣምምና ፍሪሲዮን የሚያንሸራትት ደግሞ ያ ነው። ቢየላህ ፎርጅድ ስለሆነ ደህና ነህ። ፍሪሲዮንህ ግን የፋብሪካው ከሆነ 400 ኒውተን ሜትር አካባቢ መሸከም መቻሉን አረጋግጥ፤ በ1ኛና በ2ኛ ማርሽም ግፊቱ ወደ 0.8 ባር ዝቅ እንዲል ይደረግ።

ሲገጠም አዲስ ቱርቦን የሚገድለው ዘይት ነው። ባለ ኳስ ኩሽኔታ ቱርቦ ብዙ ዘይት አይወድም፤ በመግቢያው ላይ 1 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ያለው መቀነሻ ይፈልጋል፤ ቱርቦው ከራሱ መቀነሻ ጋር የመጣ ከሆነ ሌላ አትደርብበት። መመለሻው ሰፊ ይሁን፣ ውስጡ ከ16 ሚሊሜትር አይነስ፤ ሳይታጠፍ ወደ ታች ይውረድና ከዘይቱ ወለል በላይ ይግባ። መመለሻው ከተጣበበ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይሞላና በመከላከያው አልፎ ያጨሳል፤ ሰውም «ቱርቦው ተበላሽቶ መጣ» ብሎ ይመልሰዋል። በዘይት መስመሩ ላይ ሲሊኮን አትቀባ፤ ተቆርሶ ቀዳዳውን ይዘጋል። መጀመሪያ ከማስነሳትህ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥተህ የኢንጀክተሮቹን (ነዳጅ የሚረጩትን) የኤሌክትሪክ ሶኬት ንቀልና የዘይት ግፊት እስኪታይ በሞተሪኖ አዙረው። የውሃ መስመሮቹንም አታስቀር፤ የጋለ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ኩሽኔታው ላይ እንዳይከስል የሚያደርገው ውሃው ነው።

የዌስትጌቱ ሞላ 0.6 ወይም 0.7 ባር ይሁን፤ እስከ 1.2 ያለውን በኤሌክትሪክ ቫልቭ ጨምረው። ቫልቩ በሩን ግፊቱ ግቡ አጠገብ እስኪደርስ አጥብቆ መያዝ አለበት። አለዚያ በሩ በ0.5 ባር መሰንጠቅ ይጀምርና ያን ሁሉ የደከምክበትን ፍጥነት ይሰርቅሃል። ከቱርቦው የሚወጣው ቱቦ 76 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ለ350 የፈረስ ጉልበት እያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 650 ሲሲ ያህል መስጠት አለበት፤ ካንዴላው አንድ ደረጃ የቀዘቀዘ፣ ክፍተቱ 0.7 ሚሊሜትር፤ በሙሉ ግፊት የአየርና የነዳጁ ምጣኔ ከ11.5 እስከ 12 መካከል። ይህን ወንድምህ ከኔ በተሻለ ያውቀዋል።

ወደ እሱ እንመለስ። «ነገ 500 ትፈልጋለህ» ሲል የማንን መኪና እያሰበ ይመስልሃል? ምናልባት ራሱ ቢሆን የሚሠራውን እየሰጠህ ይሆናል፤ ከፍቅር ነው፣ ግን የእሱ መንገድና ያንተ መንገድ ይለያያል። በዚያ ተራራ መንገድ ካንተ ጋር ወጥቶ ያውቃል? ካላወቀ መጀመሪያ እሱን ጋብዘው። አንተ ጎን ተቀመጥ፣ እሱ ይንዳ። በየስንት ዙሩ ከመታጠፊያ እንደሚወጣ በዝምታ ቁጠር፤ አብዛኛው ከ2,500 እስከ 5,000 ይሆናል። ከዚያ ሜዳ ወይም የጉልበት መለኪያ ላይ የጓደኛውንም ያንተንም መኪና በ4ኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ጀምሮ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ 1 ባር የሚደርስበትን ዙር መዝግቡ። በ5,000 ዙር ዝም ብላችሁ ስትሄዱም በድንገት ረግጣችሁ 1 ባር እስኪመጣ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለኩ። መካኒክ ነውና በቃል ከምታስረዳው ይልቅ ራሱ የለካውን ይቀበላል።

ስትነግረው ከምስጋናው ጀምር፣ ግን አታድበስብሰው። «ወንድም ጋሼ፣ ስጦታህን ተቀብያለሁ፣ ልቤም ደርሷል። ይሄኛው ግን እኔ በምነዳበት መንገድ አይነሳልኝም። ካርታውን አብረን አይተን የሚስማማኝን አንተ ምረጥልኝ፤ የምትገጥመውም የምታስተካክለውም አንተ ነህ» በለው። ቱርቦውን ከካርቶኑ ካላወጣኸው፣ ዘይትም ካልነካው፣ መመለስ ወይም በሌላ መለወጥ ሳይቻል አይቀርም፤ ስለዚህ ውይይቱን አታዘግየው። መመለስ ካልተቻለ ደግሞ ለእሱ የወደፊት ሞተር ይቀመጥ፤ 500 የሚመኘው እሱ ከሆነ ቦታው እዚያ ነው። መጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል፤ ጊዜ ስጠው፣ በዚያው ቀን መልስ አትጠይቀው።

የሳሙና ውሃውን ምርመራ ግን ብቻህን አታድርገው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥራውና «ይኼ 600 ዙር የት ጠፋ?» ብለህ እሱን አስጀምረው፤ እጁን ከኢንተርኩለሩ ሥር አስገብቶ አረፋውን ሲያገኘው ካርታውን ከጎኑ ዘርጋ።